አንድ ምስማር፣ አንድ ቀዳዳ

ጊያርቲ ከተማ ሄዳ የምትማረውን ትምህርት ስሙን የነገረችኝ ቀን፣ ከሳቄ ብዛት ሱቄ ውስጥ ቴምፔ፣ ያንን የአኩሪ አተር ቂጣ፣ የምጠብስበትን ዘይት ምድጃው ላይ ደፍቼዋለሁ።

«የመንግሥት አስተዳደርና የፖለቲካ ተግባቦት» አለችኝ፣ ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ እያስቀመጠች።

«ተግባቦት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሹመኛና ሕዝብ እንዴት እንደሚነጋገሩ ማጥናት ነው፣ ዩ ፖን» አለችኝ፤ እትዬ ፖን ማለቷ ነው።

«እሱማ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ሹመኛው ይዋሻል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። በቃ፣ ተመርቀሻል!»

አልተቆጣችም። ይህች ልጅ ስትሰደብ የሰደባትን ሰው አፍ ነው የምታየው፤ ከዚያ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፣ አንድ ነገር የጻፈች ይመስል። ከልጅነቷም እንዲህ ነበረች። እናትና አባቷ ባሕር ተሻግረው ማሌዥያ የዘንባባ እርሻ ውስጥ ሊሠሩ ሲሄዱ ለአያቷ ለምባህ ክሮሞ ነው ትተዋት የሄዱት። ምባህ ክሮሞ የመንደራችን፣ የዋቱሊንታንግ፣ ላይ ሰፈር ሰው ነው። ከዉንግካል ተራራ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ በቀርከሃ ቦይ እየመራ ለየቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነበር፤ ቦዩ በተሰበረ ቁጥር ሌሊት ይሁን ቀን አይልም፣ ራሱ ወጥቶ ይጠግነዋል።

አንድ የምርጫ ቀን ጫንቃው ላይ አስቀምጧት ወደ ታች ወረደ። እኛ ዘንድ የመንደር አለቃ ሲመረጥ፣ እጩዎቹ እንደ ሙሽራ ለብሰው ከማለዳ እስከ ቆጠራው ማብቂያ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ከራሱ በላይ የሩዝ ዛላ ይንጠለጠልለታል፣ ሌላው የበቆሎ። ቃል መናገር የለም! ፊደል የማይቆጥር ሰው ይበዛ በነበረበት ዘመን ወላጆቻችን የቀርከሃ ስንጥር ይዘው ገብተው «ለሩዝ ነው፣ ለበቆሎ ነው» እያሉ ነበር በየሳጥኑ የሚጨምሩት። ዛሬ ወረቀቱ ላይ ፎቶ አለ፣ ያም ሆኖ እጩን በስሙ የሚጠራ የለም፤ ሩዝ ወይ በቆሎ ነው። ይህችው ልጅ በማግስቱ የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስባ፣ ሁለቱን የተገለበጠ የሩዝ መውቀጫ ግንድ ላይ አስቀምጣ፣ የሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ድምፅ ማጉያ አድርጋ፣ «አንተ ዝም በል! እጩ አይናገርም!» ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ጥርሷ እንኳ ገና እየተነቀለ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፏንም በዚሁ ላይ ልትሠራ ነው ወደ መንደር የተመለሰችው፤ በዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ላይ። መምህሯ «ዝም ያለ ሰው ምን ይጠናል?» ብሏታል አሉ። «ዝም ሲሉ ነው እጃቸው የሚናገረው» ብላ መለሰችለት። አሁንም ሳቅኩ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሻይዋን አፈላሁላት።

የዚያ ዓመቱ ምርጫ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አለቃችን ፓክ ሀንዶኮ ከአንድ የድንጋይ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ የዉንግካልን ተራራ ሊያስፈርስ ነው። ተራራው ከፈረሰ ደግሞ ምንጩ አለቀለት፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ሀንዶኮ እንደገና ሊመረጥ ተነሣ፣ ሩዝ ደረሰው። ከፊቱ የቆመችው ቡ ሱሚራህ ናት፣ አዋላጅዋ፣ የመንደሩን እኩሌታ በእጇ ያወጣች ሴት። እሷ በቆሎ ነች። «እኔ ካለሁ ምንጩ አይነካም» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሩዝ ካሸነፈ ላይ ሰፈር ውሃ የለውም፣ በቆሎ ካሸነፈ አለው። ታች ሰፈር ብዙው ሩዝ ነው፣ ድንጋዩ ሥራ ያመጣልናል ብለው። ላይ ሰፈር ሁሉም በቆሎ ነው።

ለምርጫ ኮሚቴው ደንብ የሚጽፍና ሕዝብ የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ጊያርቲ ተባለች። ሰብሳቢው ፓክ ጁማዲ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ፣ «የተማረ ሰው እሷ ብቻ ናት» አለ። የሀንዶኮ ሰው ጌንዶን ተንጨረጨረ።

«የክሮሞ የልጅ ልጅ? የምንጩ ጠባቂ ልጅ ዳኛ ልትሆንብን ነው?» አለ እዚሁ እኔ ቤት፣ አፉ በቴምፔ ተሞልቶ።

ሀንዶኮ ግን ሳቀ። «ተዋት፤ ጽፋ ታምጣ፣ አይተን እንፈርማለን» አለው። ብልጥ ሰው ነው፣ እሱ።

ጊያርቲ ሥራውን የያዘችው እንደ ሙሽራ ዝግጅት ነው። «ዩ ፖን፣ ረጅም ነገር ጆሮ ውስጥ አያድርም» ትለኝ ነበር። «ሕዝብ የሚይዘው አጭሩን ነው።» እናም አጭር ነገር አወጣች፦ አንድ ምስማር፣ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ድምፅ። እኛ ዘንድ ድምፅ የሚሰጠው የእጩውን ፎቶ በምስማር በመብሳት ነዋ። የድምፅ መስጫውን ወረቀት በትልቁ ስላ፣ ኮምፖንሳቶ ላይ ለጥፋ፣ በሞተር ሳይክል ጀርባ አስራ ከሰፈር ሰፈር ተንከራተተች። ሽማግሌ አሮጊቱን አንድ በአንድ አቁማ ምስማር አስይዛ ታስበሳቸዋለች። «ጠንከር አድርጉት! ባለፈው ምርጫ ጭረት ብቻ ሆኖ ስንት ድምፅ ተጥሏል! እስከ ወዲያ ይለፍ!» ስትል ድምፅዋ ከጫካው ማዶ ይሰማል። ሕፃናቱ ዘፈን አደረጉት። እኔ ራሴ ቴምፔ ስገለብጥ «አንድ ምስማር፣ አንድ ቀዳዳ» እያልኩ ራሴን አገኘሁት።

በደንቡም ላይ ያንኑ በአጭሩ አሰፈረችው፦ «ከአንድ በላይ ቀዳዳ ያለው ወረቀት አይቆጠርም።» ሁለቱም እጩዎች አነበቡ፣ ሁለቱም ፈረሙ፣ ፓክ ጁማዲ ማኅተሙን መታበት። ጎበዝ አልን። ማንም፣ እሷም ጭምር፣ አንድ ነገር አላሰበም፤ ያ ኮምፖንሳቶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እጥፋት የለውም፤ እውነተኛው ወረቀት ግን ሁለቴ ታጥፎ ነው የሚሰጠው።

የምርጫው ዕለት ሱቄን የከፈትኩት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ሱቄ ምርጫው ከሚካሄድበት ከመንደሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ፊት ለፊት ስለሆነ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያገኘኝ። የጌንዶን ልጆች የሞተር ሳይክላቸውን ጭስ ማውጫ ነቅለው ከጠዋት ጀምረው ግቢውን ይዞሩታል፤ ጆሮ ያደነቁራሉ። የላይ ሰፈር ወንዶች ማጭዳቸውን ወገባቸው ላይ ሰክተው ወረዱ።

«ምንድን ነው ማጭዱ?» አልኳቸው።

«ስንመለስ ሣር ልናጭድ ነዋ፣ ዩ ፖን።»

«ሣሩ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የበቀለው?»

ማንም አልሳቀም። ፖሊሶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የኔ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጣፋጭ ሻይ ፉት ይላሉ። መድረኩ ላይ ሀንዶኮና ሱሚራህ በየወንበራቸው ተሰይመዋል፣ እሱ ከሩዙ ሥር፣ እሷ ከበቆሎው ሥር። እሱ ጣቱ ላይ ያለውን ትልቅ ቀለበት ያዞራል፤ እሷ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትክ ብላ ታያለች። ጊያርቲ በመካከል ትሮጣለች፣ አንዱን ትደግፋለች፣ ሌላውን ትመራለች፣ ዓይኗ ግን በየመሐሉ ወደ መድረኩ ይሄዳል።

ምባህ ክሮሞ ባቲክ ሽርጡን ታጥቆ፣ የክብር ቆቡን ደፍቶ መጣ። ከመምረጫው ጓዳ ሲወጣ ትንሿን ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወደ እኔ ቀጥ አለ። ጆሮው ስለደከመ እየጮኸ ነው የሚያወራው።

«ወጋሁት! እስከ ወዲያ ማዶ ነው የወጋሁት!»

«ቀስ ይበሉ ምባህ፣ ሚስጥር ነው እኮ!»

«ማንን እንደወጋሁ መች ተናገርኩ? መውጋቴን ነው ያወራሁት!»

ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። በዚያ ቀን የሳቅነው ያችን ብቻ ነው።

ልክ ቀትር እንዳለፈ ቆጠራው ተጀመረ። መጀመሪያ የታች ሰፈር ሳጥን ተከፈተ። ፓክ ጁማዲ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ «ሩዝ!» ይላል፣ ሕዝቡ «ይቆጠር!» ይላል፣ ሰሌዳው ላይ መስመር ይሰመራል። «ሩዝ! ሩዝ! በቆሎ! ሩዝ!» ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሁሉም ይቸኩላል። ሩዝ በሰፊው መራ። አልደነገጥንም፣ የላይ ሰፈር ሳጥን ገና አልተነካማ።

እሱ ሲከፈት ፀሐይዋ ከፓክ ጁማዲ ጀርባ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። አንዱን አነሣ፣ «በቆሎ!» ሁለተኛውን አነሣ፣ «በቆሎ!» ሦስተኛውን ከፍ ሲያደርግ ብርሃን በወረቀቱ አለፈ፤ በሁለት ቦታ። አንዱ ከሱሚራህ ፎቶ ላይ፣ አንዱ ከላይ፣ ከመንደሩ ስም አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ።

«ቆይ!» ጌንዶን ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «ወረቀቷን መልሳት! ሁለት ቀዳዳ ናት! አትቆጠርም!»

«በቆሎ ላይ ነው እኮ የተበሳው!» አለች የሱሚራህ ታዛቢ።

«ደንቡን አንብቢያ! ከአንድ በላይ አይቆጠርም ይላል! ፈርማችኋል!»

ፓክ ጁማዲ ላቡን ጠረገና ሌላ አነሣ። እሷም ሁለት። ሌላ አነሣ። ሁለት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለሁላችንም የበራልን። ሽማግሌዎቻችን የታጠፈውን ወረቀት ፎቶው እስኪታያቸው ድረስ ብቻ ገለጥ አድርገው፣ ሌላው ገጽ ከኋላ ታጥፎ እንዳለ፣ እንደተነገራቸው ጠንከር አድርገው ወጉት። ምስማሩ እስከ ወዲያ አለፈ። ያ አላህ! ቀዳዳው ሁለት የሆነው ስለታዘዙ ነው!

ጌንዶን እጁን አወዛወዘ፣ ልጆቹም ጀመሩ፦ «አንድ ምስማር! አንድ ቀዳዳ! አንድ ምስማር! አንድ ቀዳዳ!» ያ የሕፃናት ዘፈን ከጎረምሳ ጉሮሮ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እዚያ ቆሞ ያልሰማ አያውቀውም። ጊያርቲን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። የገዛ ቃሏን ነው የሚጮኹባት።

ከላይ ሰፈር በኩል ድንጋይ ተወረወረ፣ የጽሕፈት ቤቱን ጣሪያ መታው። ማጭዶች ከወገብ ወጡ። ፖሊሶቹ ሻያቸውን ትተው ሮጡ፤ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?

«ዝም በሉ!» አለ ፓክ ጁማዲ በድምፅ ማጉያው። «ደንቡን የጻፈችው እዚህ አለች። ምን ለማለት እንደጻፈችው እሷ ትናገር። እኔ በቃሏ አድራለሁ።» ማጉያውንም አቀበላት።

ሁሉም ወደሷ ዞረ። እኔ መጥበሻዬን ትቼ አጥሩ ጋ ደርሻለሁ። ነገሩ እኮ ቀላል ነው! «ሁለት ቀዳዳ ያልኩት ሁለት እጩ የወጋውን ነው፣ የታጠፈውን አይደለም» ትበል፣ አለቀ! ጁማዲ ይቀበላል፣ ወረቀቶቹ ይቆጠራሉ፣ ሱሚራህ ታሸንፋለች፣ ምንጩ ይተርፋል። ማን ያጣራታል? ልቧ ውስጥ ገብቶ ያየ ማን አለ?

«በይ እንጂ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «በይው!»

ሰማችኝ። ዘወር ብላ አየችኝ። ከዚያ አያቷን ፈለገች፤ ከሰው መሐል በከዘራው ተደግፎ ቆሟል፣ የሚባለውን አይሰማም፣ በየፊቱ ያነባል።

«ስጽፈው...» አለች በማጉያው። «ስጽፈው ስለታጠፈ ወረቀት አላሰብኩም። ምንም አላሰብኩም። አሁን እንዲህ ለማለት ነበር ብዬ ብነግራችሁ፣ የምለውጠው ለማን እንደሚጠቅም ካየሁ በኋላ ነው። ያ ደግሞ ውሸት ነው። ሁለቱም የፈረሙት እንደተጻፈው ነው።»

ከላይ ሰፈር የወጣውን እሪታ አልነግራችሁም። «ከሃዲ!» አሏት። «የክሮሞን ውሃ ጠጥተሽ!» አሏት። እኔም ብያታለሁ፣ ምን እደብቃለሁ፤ ከዚያም የባሰ ብያታለሁ። የጌንዶን ልጆች ፉጨታቸውን ለቀቁት።

«አልጨረስኩም!» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ያ ጫካ የሚሻገረው ድምፅዋ ነው። «ደንብ ለአንድ ሳጥን ብቻ አይደለም። የታች ሰፈር ሳጥን ሲቆጠር ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ቀዳዳ ያየ ሰው የለም። እነሱንም ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፣ በዚያው ኮምፖንሳቶ። ሳጥኑ ይከፈትና እንደገና ይታይ። ወይ የታጠፈው በሁለቱም ይቆጠር፣ ወይ በሁለቱም ይጣል። ሳጥኑ ሳይከፈት ምረጡ።»

«ያለቀ ነገር...» አለ ጌንዶን። ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። እጩ አይናገርም። ጊያርቲ የሀንዶኮን እጅ ታያለች፤ እኔም የሷን ዓይን ተከትዬ አየሁ። ቀለበቱን እያዞረ ነበር፣ ቆመ። አሰበ፣ አሰበ። የታች ሰፈር ሰው ፊደል የቆጠረ ነው፣ ወጣት ይበዛዋል፤ እንደ ላይ ሰፈር ሽማግሌ አይሳሳትም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ጣቱን ወደ መሬት አድርጎ ጠቆመ። ይጣል።

ሱሚራህም ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች።

የታች ሰፈር ሳጥን እንደገና ተገለበጠ። አሁን እያንዳንዱ ወረቀት ለፀሐይ ይያዛል። የመጀመሪያዎቹ ደህና ነበሩ፣ ጌንዶን ፈገግ አለ። ከዚያ አንድ ሩዝ ሁለት ቀዳዳ ወጣበት። ከዚያ ሌላ። «ሩዝ፣ ወደቀች!» ይላል ጁማዲ። «ሩዝ፣ ወደቀች!» የጌንዶን ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። ከሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር ይጠፋል። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም፤ ለእያንዳንዷ ቀዳዳ ነው የጸለይኩት። የላይ ሰፈር ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ወደ ሰሌዳው ተጠግተዋል። የሀንዶኮ ብልጫ ቀለጠ፣ ቀለጠ፣ ጥቂት ብቻ ተረፈው። የላይ ሰፈርን ሳጥን ሲመለሱበት የተረፉት ነጠላ ቀዳዳዎች በቆሎን አነሡት። በቆሎ ሩዝን ልትደርስበት ምንም አልቀራትም! አጥሩን የነቀነቅኩት ያኔ ነው። አንዷ ትቆጠራለች፣ አንዷ ትወድቃለች፤ የመጨረሻዋ ወረቀት ወጣች፣ ሁለት ቀዳዳ ነበረች።

ሩዝ በሰባት ድምፅ አሸነፈ።

የላይ ሰፈር ወንዶች ወደ ጠረጴዛው ገፉ። ጁማዲ ወረቀቶቹን በደረቱ ከለለ። ፖሊሱ ቆመጡን አነሣ። ዛሬ ደም ፈሰሰ አልኩ፣ ፊቴን በመሃረቤ ሸፈንኩ።

«ጊያርቲ!»

ምባህ ክሮሞ ነው። ወንዶቹን በከዘራው እየገፋ ከፊቷ ደረሰ። ማጉያውን ገና ከእጇ አላስቀመጠችውም፤ የሚናገረው ሁሉ ግቢውን ይሞላዋል።

«የኔዋስ? ተቆጠረች?»

እሱ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ወረቀቱን ሙሉ ዘርግተው ነው የወጉት፣ ምባህ?» አለችው ጮክ ብላ።

«የምን መዘርጋት? ፊቱ እስኪታየኝ ገለጥ አድርጌ፣ እንዳልሽኝ ጠንከር አድርጌ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው አልተቆጠረችም።»

ሽማግሌው የቀለም ጣቱን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በቀርከሃ ቦዩ ሥር አርጅቶ፣ ተራራውን ያህል ነገር በአንዲት ምስማር ላይ አድርጎ የመጣ ሰው ነው።

«ማነው እንደዚያ ያስተማረኝ?» አለ።

«እኔ ነኝ።» እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «እኔ ነኝ፣ ምባህ። እጥፋቱን አላሳየሁዎትም።»

«እንግዲያው በደንብ አስተምሪኛ! ሌላው መቼ ነው?»

«ከስድስት ዓመት በኋላ።»

«ስድስት?» በጣቱ ቆጠረ፣ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ። «ደህና፣ እጠብቃለሁ። ነገ ጠዋት ነይ። ወረቀቱን ግን አጥፈሽ አምጪው።» ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሮ በከዘራው ማጭዶቹን ጠቆመ። «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ፍየሎቹ ጾማቸውን ሊያድሩ ነው? ሣራችሁን እጨዱ!»

አንዱ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከዚያ ማጭዱን ሰካ። ሌላውም ሰካ። እየተሳደቡ፣ እያለቀሱም፣ ወደ ላይ ወጡ።

እኔ ግን አልበረደልኝም። አልዋሽም፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። አንዲት ቃል ነበር የምትፈለግባት! ለወራት ሻይ ስትለኝ «አልቋል» እያልኩ እመልሳት ነበር፣ ማንቆርቆሪያው ከፊቷ እየፈላ። አንድ ቀን መረረኝና ጠየቅኳት።

«አሁን ያ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው? አንዲት ውሸት እንኳ አላስተማሩሽም?»

«አስተምረውኛል፣ ዩ ፖን» አለችኝ። «ብዋሽ ኖሮ በሚቀጥለው ጊዜ ጌንዶን ነው ማጉያውን የሚይዘው። ያኔ ደንቡ ምን ለማለት እንደተጻፈ እሱ ይነግረናል።»

ሻይዋን ቀዳሁላት።

ከምርጫው ማግስት ጠዋት በእርግጥም ወደ ላይ ሰፈር ወጥታ ነበር፣ ሁለቴ የታጠፈ ወረቀት ይዛ። ከዚያ ወዲያ አላቆመችም። ጽሑፏን ቀድዳ ስለዚያች እጥፋት እንደ አዲስ ጻፈች፣ ተመረቀች፣ ከተማ አንድ ራዲዮ ጣቢያ ሲጠራት አልሄድም አለች። የወረዳው ትምህርት ቤት ገብታ ታስተምራለች፤ እሑድ እሑድ ላይ ሰፈር ናት። ሽማግሌው ሁሉ ወረቀት ሲያልቅበት የሙዝ ቅጠል እያጠፈ ይዘረጋል። የሚያስቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን መሳቁን ትቻለሁ።

ሀንዶኮም ያለውን አደረገ። ድንጋይ ሰባሪዎቹ መጡ፣ የተራራውን እኩሌታ በሉት። ምንጩ ክንድ ያክል የነበረው ጣት አከለ። በአምስተኛው በጋ ምባህ ክሮሞ ቦዩን መከተል አቃተው፤ ተኛ። ሾርባ ይዤለት ስወጣ ጊያርቲ ከራስጌው ተቀምጣለች።

«አምጪው» አላት።

ወረቀቱ የሚበሳበትን ትራስ ከሥሩ አደረገችለት፣ ልክ መምረጫው ጓዳ ውስጥ እንዳለው። ወረቀቱን ሰጠችው። አንዱን እጥፋት ከፈተ። ሁለተኛውን ከፈተ። በመዳፉ ዳሰሰው፣ የቀረ እጥፋት እንዳለ ፈለገ። ከዚያ ምስማሩን አነሣ፤ አልዘለቀለትም። ጊያርቲ ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ፣

«ሂጂልኝ! ሚስጥር ነው!» አላት። «አንቺም ዙሪ፣ ፖን!»

ሁለታችንም ወደ ግድግዳው ዞርን። ብዙ ቆየ። ትንፋሹ ይሰማናል። በኋላ ወረቀቱ ሲበሳ «ጠቅ» የምትል ድምፅ መጣች። ስንዞር የወረቀቱን ጀርባ ወደ እኛ አድርጎ ለመስኮቱ ከፍ አድርጎ ይዞታል፣ ማንን እንደወጋ እንዳናይበት። ብርሃን በአንድ ቦታ አለፈ።

«ተቆጠረች?» አለ።

«ተቆጠረች፣ ምባህ» አለችው።

ከምርጫው በፊት ሞተ። ዝናቡ ገና ሲጀምር ቀበርነው፣ አላህ ይማረው። በምርጫው ዕለት ሱሚራህ እንደገና ከበቆሎው ሥር ተቀመጠች፣ በዚህኛው አሸነፈች፤ የተረፈው ተራራ ዛሬም አለ። ፓክ ጁማዲ የላይ ሰፈርን ሳጥን ሲገለብጥ እያንዳንዱን ወረቀት ለፀሐይ ይይዘው ነበር፤ ጊያርቲ ከጎኑ ቆማለች፣ እኔ አጥሩ ጋ ነኝ። ሁለት ቀዳዳ ያለው ወረቀት አንድም አልወጣም።